ስልኩን ለምታነሣው እህት

ባለፈው ዓመት፣ ከዓርብ ማታ የወጣቶች ፕሮግራም በኋላ ወንበር እየደረደርን ሳለ፣ አንዲት እህት ጠጋ ብላ በአራት የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። በዚያው ዓመት የተመረቀች ናት፤ ለድርጅቶች ሠራተኛ በሚያፈላልግ ኤጀንሲ ከተቀጠረች ሦስት ሳምንቷ ነበር። ወረቀቱ ላይ ወደ መሥሪያ ቤቶች ስትደውል የምትናገራቸው ነገሮች በተራ ቁጥር ተጽፈዋል። ዋና ስልኩን የምታነሣዋን ሴት እንዴት አድርጋ እንደምታልፋት የሚያስተምር ወረቀት ነው። አንዱ ተራ «ከመንግሥት ቢሮ ነው የምደውለው፣ መረጃ እያጣራን ነው በዪ» ይላል። ሌላው «ተማሪ ነኝ በዪ» ይላል።

«ወንድሜ፣» አለችኝ፣ «ይሄ ኃጢአት ነው ወይስ ሥራ ነው?»

የጥበቃው አባት በሩ ላይ ቁልፍ ይዘው ቆመዋል። እኔም ስለ እባብ ብልህነትና ስለ ርግብ የዋህነት አንድ ሁለት ቃል ተናገርኩና «ጸልዪበት» ብዬ ሸኘኋት። ጸልዪበት ማለት መልካም ምክር ነው። የዚያን ዕለት ግን እኔ ለማምለጫ ነው የተጠቀምኩበት። የሸሸሁት ጥያቄዋ ስለ ከበደኝ አልነበረም፤ ወረቀቱን ስለማውቀው ነው። የዚያን ዓይነት ወረቀት ከአሥር ዓመት በፊት እኔ ራሴ ይዤ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ሁለት ተራ ጨምሬበታለሁ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልስ ነው፤ መጀመሪያ ለእርሷ፣ ቀጥሎም ለእናንተ። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ በሽያጭ፣ በኢንሹራንስ፣ ደንበኛ በማፈላለግ ሥራ ላይ ናችሁና እንጀራችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር በስልክ ከመነጋገር ይወጣል። አንድ ቀን ይህ ወረቀት በሌላ መልክ ይደርሳችኋል።

ሥራውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ኩባንያ የአሥር ዓመት ልምድ ያለው መሐንዲስ ወይም የሒሳብ ኃላፊ ሲያስፈልገው የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ያወጣል። ማስታወቂያ የሚያነበው ግን ባብዛኛው ሥራ የሌለው ወይም ሥራው ያስመረረው ሰው ነው። ኩባንያው የሚመኘው ባለሙያ ሌላ መሥሪያ ቤት ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ዞር ብሎ አያይም። ስለዚህ ለአፈላላጊ ይከፈላል። አፈላላጊው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ስም ነው። በዚያ መሥሪያ ቤት የዲዛይን ክፍሉን የሚመራው ማን ነው? ከሥሩስ ስንት ሰው አለ? ቀጥታ ስልካቸው ስንት ነው? ዛሬ ግማሹን ከሊንክድኢን ታገኙታላችሁ። ግማሹ ግን አሁንም ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ዋናውን ስልክ በምታነሣው እህት ጠረጴዛ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር በተቀመጠው የውስጥ መስመር ዝርዝር ውስጥ።

እርሷን ማለፍ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በአሜሪካና በአውሮፓ መጻሕፍት ተጽፈውበታል፣ ሥልጠናም ይሰጥበታል፤ እንግዳ ተቀባይዋንም በሙያው ቋንቋ «በር ጠባቂ» ብለው ይጠሯታል። ከዘዴዎቹ አንዳንዶቹ ምንም ነውር የለባቸውም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ብትደውሉ እርሷ ወጥታ ኃላፊው ራሱ ስልኩን ሊያነሣ ይችላል። ስሟን ጠይቃችሁ በስሟ ብትጠሯት፣ ጉዳያችሁን አሳጥራችሁ ብትናገሩ፣ ይህ ጨዋነት ነው። ሌሎቹ ግን ሌላ ናቸው። ሆን ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ደውሎ «ይቅርታ፣ ተሳስተው ወደ እናንተ አዞሩኝ፤ ወደ ዲዛይን ክፍል ታዞሩልኛላችሁ?» ማለት አለ፤ ጥሪው ከውስጥ የመጣ ይመስላልና። አይተውት የማያውቁትን ሰው እንደ ቆየ ወዳጅ በቁልምጫ ስም መጥራት አለ። በጣም የማፍርበት ደግሞ ይኸኛው ነው፤ በምሳ ሰዓት፣ ዋናዋ ሴት ስትወጣ ቦታዋን የምትሸፍን አዲስ ልጅ ስታነሣው፣ ተቆጥቶ መናገር። አዲስ ሰው ቁጣ ሲሰማ የሚጠይቀውን ጥያቄ ይረሳል።

እኔ በዚህ ሥራ 14 ወር ቆይቻለሁ። በማኔጅመንት ተመርቄ ስምንት ወር ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ በኋላ ያገኘሁት ስለ ሆነ እንደ ጸሎት መልስ ነው የተቀበልኩት፤ በጸሎት ቡድናችንም መስክሬበታለሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ገንዘቡ ያለው ኮሚሽኑ ላይ ነው።

ነሐሴ አልቆ ጳጉሜን ሊገባ ሲል የአንድ ኮንስትራክሽን ድርጅት መሐንዲሶች ስም እንዳመጣ ታዘዝኩ። በዚያ ሰሞን ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው ካላንደርና አጀንዳ እንደሚልኩ ታውቃላችሁ። ይህ የእኔ ፈጠራ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

«እህቴ፣ እንደምን ዋልሽ? ለአዲስ ዓመት ካላንደርና አጀንዳ እያዘጋጀን ነው። ለኢንጂነሮቻችሁ ስማቸውን አሳትመንበት ልንልክላቸው ስለ ሆነ ሙሉ ስማቸውን ከነክፍላቸው ታስጽፊኛለሽ?»

ደስ አላት፤ ከድምፅዋ ይታወቃል። አሥራ አራት ስም ሳትቸኩል አንድ በአንድ አስጻፈችኝ። «ይኼኛው በሐመሩ ሐ ነው፤ በሃሌታው ከተጻፈ ቅር ይላቸዋል» ትለኛለች። ስንጨርስ ጥቂት ዝም አለችና እንዲህ አለችኝ፦

«በር ላይ ለምንቀመጠውስ አንድ አይተርፍም?»

«እንዴታ! ስምሽን ንገሪኛ።»

ነገረችኝ። አሥራ አምስተኛው ተራ ላይ ጻፍኩት።

ካላንደር የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ዝርዝር ሁለት ሰዎች አዲስ ሥራ ገቡ፤ ኮሚሽኑ ደረሰኝ፤ አሥራቱን አውጥቼ በፖስታ አድርጌ ሰጠሁ።

በኅዳር ወር ወደዚያው ድርጅት ስለ ሌላ ክፍል ደወልኩ። በዚህኛው ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ነበርኩ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

«ይቅርታ፣ ድምፅዎን አወቅኩት። የካላንደሩ አይደሉም እንዴ?»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ሰው የሚያውቀውን ሰው ድንገት ሲያገኝ እንደሚሆነው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ካላንደሩ መንገድ ላይ ያለ መስሏት ነበር ማለት ነው።

«አይደለሁም» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

በዚያን ጊዜ ራሴን የማጽናናበት ክርክር ነበረኝ፤ ደካማ ክርክርም አይደለም። ማን ተጎዳ? የመሐንዲስ ስም ምሥጢር አይደለም፤ በጨረታ ሰነድ ላይ፣ በፕላን ማኅተም ላይ ይገኛል። ሁለቱ ሰዎች ደመወዛቸው ጨመረ፤ አንደኛው ደውሎ አመስግኖኛል። ቀጣሪው ሰው አገኘ። እኔ ቤት ኪራይ ከፈልኩ። ውሸቱ እንደ መኪና ዘይት ሆኖ ነገሩን አለሰለሰው እንጂ የማንንም ኪስ አልነካም። ይህን ክርክር ዛሬም ከወጣቶች እሰማዋለሁ፤ «ነጭ ውሸት» የሚል ስምም ወጥቶለታል።

ክርክሩ የሚረሳው አንድ ሰው አለ። ያቺ እህት የተቀመጠችው ስልክ ለማንሣት ብቻ አይደለም፤ እንድትወስን ነው። ማን ይለፍ፣ ማን ይቆይ፣ ምን ይነገር፣ ምን ይቅር የሚለውን ድርጅቱ በእርሷ እጅ አስቀምጦታል። ትንሽ ሥልጣን ናት፤ ግን የእርሷ ናት። እኔ እውነቱን ብነግራት ኖሮ «አይቻልም» ልትለኝ ትችል ነበር፤ «እስቲ ልጠይቅልህ» ልትለኝም ትችል ነበር። ሁለቱም የእርሷ ውሳኔ በሆኑ። እኔ ግን ጨርሶ ላልተጠየቀችው ጥያቄ «እሺ» አሰኘኋት። ከስሞቹ ይልቅ የወሰድኩባት ይህንን ነው። ነገሩ ቢታወቅ ደግሞ ኃላፊው ቢሮ የምትጠራው እርሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። የታመነችበትን አደራ በገዛ እጇ፣ ሳታውቅ፣ ደስ እያላት አስበላኋት።

መጽሐፍ ቅዱስ ለበር ጠባቂ የሚሰጠውን ስፍራ ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፈዋለን። አንደኛ ዜና መዋዕል 9 አሰልቺ የስም ዝርዝር መስሎን የምንዘልለው ምዕራፍ ነው። እዚያ ግን ለመግቢያዎቹ የተመረጡ በረኞች 212 እንደ ነበሩ ተቈጥረው ተጽፈዋል፤ አራቱ አለቆቻቸው በአደራ እንደ ተሾሙ፣ ሌሊቱን በእግዚአብሔር ቤት ዙሪያ እንደሚያድሩ፣ በየማለዳው መክፈት የእነርሱ ኃላፊነት እንደ ነበረ ይናገራል። በዚያ ቤት በር መክፈት አገልግሎት ነበር፤ ለማንም በሚመች ሰው አይሞላም ነበር።

ነገሩ የትንሽ ቢሮ ወሬ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ሲያድግ ምን እንደሚሆን ከአሜሪካ አንድ ምሳሌ ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሂውሌት ፓካርድ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የቦርዱ ስብሰባ ወሬ ለጋዜጠኞች ማን እንደሚያወጣ ለማወቅ መርማሪዎች ቀጠረ። መርማሪዎቹ የቦርድ አባላትንና ጋዜጠኞችን ስም ይዘው፣ እነርሱን መስለው ወደ ስልክ ኩባንያዎች እየደወሉ ማን ከማን ጋር እንደ ተነጋገረ የሚያሳየውን መዝገብ አወጡ። ሰብረው የገቡበት ቢሮ የለም። ማዶ ስልኩን ያነሣው ሠራተኛ ድምፁን አምኖ ነው የሰጣቸው። የቦርዱ ሊቀ መንበር ፓትሪሺያ ደን በመስከረም ወር ከሥልጣናቸው ወረዱ፤ በቀጣዩ ጥር በማታለል የሰውን የስልክ መዝገብ ማውጣትን ወንጀል የሚያደርግ የፌዴራል ሕግ ተፈረመ። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሕጉን ለሕግ ባለሙያዎች ልተወውና ወደ ጉዳዬ ልመለስ፤ እነዚያ መርማሪዎችና እኔ የተጠቀምነው ዘዴ አንድ ነው። ልዩነታችን የተከፈለን ብር ነው።

አሁን ከባዱ ነገር ይመጣል። ይህን ርእስ ባነሣሁ ቍጥር አንድ ጎበዝ እጁን ያወጣል፦ «ረዓብስ? የዕብራውያን አዋላጆችስ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ረዓብ ሰላዮቹን ጣራዋ ላይ ሸሽጋ ሄደዋል አለች። አዋላጆቹ ለፈርዖን እውነቱን አልነገሩትም፤ እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው። ዕብራውያን 11ም ያዕቆብ 2ም ረዓብን ሲጠቅሱ የሚያነሡት ሰላዮቹን መቀበሏን ነው፤ ውሸቷን ያመሰግናሉ ወይስ ዝም ብለው አልፈውታል በሚለው ሊቃውንት ሲከራከሩ ኖረዋል። አውግስጢኖስ ስለ ውሸት ብቻ ሁለት መጻሕፍት ጽፏል፤ የሰው ነፍስ ለማዳንም ቢሆን አይፈቀድም ባይ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1797 ከዚያም አጥብቆ፣ ነፍሰ ገዳይ ደጃችሁን አንኳኵቶ ወዳጃችሁ ውስጥ እንዳለ ቢጠይቃችሁ እንኳ መዋሸት መብታችሁ አይደለም አለ። ሌላው ጀርመናዊ ዲትሪክ ቦንሆፈር በናዚዎች እስር ቤት ሆኖ በዚሁ ጉዳይ ላይ ሲጽፍ አንድ ልጅ አምጥቶ ያሳየናል። መምህሩ በክፍል ጓደኞቹ ፊት «አባትህ እየሰከረ ቤት ይመጣል አይደል?» ይለዋል። እውነት ነው፤ ልጁ ግን «አይመጣም» ይላል። ቦንሆፈር ጥፋቱን የሚያሸክመው መምህሩን ነው፤ የማይገባው ቤት ውስጥ እጁን አስገብቷልና።

እኔ በዚህ ክርክር ማን ልክ እንደ ሆነ ለመፍረድ አቅሙ የለኝም፤ ወደ ቦንሆፈር አዘነብላለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ እኔም ያስተዋልኩት ያንን ሥራ ከለቀቅኩ ብዙ ቆይቼ ነው። በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ የሚዋሸው ማን ነው? ረዓብ ቤቷ ውስጥ ናት፤ መረጃ ፈልገው የሚመጡት የንጉሡ ሰዎች ናቸው። አዋላጆቹ ተጠያቂዎች ናቸው፤ ጠያቂው ፈርዖን ነው። የካንት ሰው ደጁ ተንኳኵቶበት ነው። የቦንሆፈር ልጅ የአባቱን ቤት ገመና እየጠበቀ ነው። ሁሉም በሩን የያዙ ናቸው እንጂ አንኳኪዎች አይደሉም። እንግዲህ ከእነዚህ ታሪኮች የሚገኝ ፈቃድ ካለ፣ ፈቃዱ ለእንግዳ ተቀባይዋ ነው። እኔ ራሴን በረዓብ ቦታ አስቀምጬ ሳጽናና የኖርኩት በንጉሡ መልእክተኞች ቦታ ቆሜ ነው።

ዋሽተው የገቡ አንኳኪዎች በመጽሐፉ አሉ። ያዕቆብ በፍየል ጠጕር ተሸፍኖ ወደ ታወረው አባቱ ገባ። አባቱ ማየት አልቻለም፤ በእጁ የቀረው ድምፅና ዳሰሳ ብቻ ነበር። ስልክ የምታነሣዋ እህት ደግሞ ዳሰሳም የላትም። የገባዖን ሰዎች ያረጀ ጫማና የሻገተ እንጀራ ይዘው ከሩቅ አገር የመጡ መስለው ከኢያሱ ጋር ቃል ኪዳን ተጋቡ። የሁለቱንም መጨረሻ ታውቁታላችሁ፤ ያዕቆብ ከቤቱ ሸሸ፣ ገባዖናውያን እንጨት ቈራጭና ውኃ ቀጂ ሆነው ቀሩ።

አንድ ብቻ የሚያስቸግር አለ፤ ሳሙኤል። በአንደኛ ሳሙኤል 16 ዳዊትን ሊቀባ ወደ ቤተ ልሔም ሲሄድ ሳኦልን ፈራ፤ እግዚአብሔርም ጊደር ይዞ እንዲሄድና ለመሠዋት እንደ መጣ እንዲናገር ነገረው። በኤጀንሲው ሳለሁ ይህን ምዕራፍ እንደ ጋሻ ይዤው ነበር። ሁሉን አለመናገር ይቻላል ማለት ነው አይደል? አዎ፣ ይቻላል። ለደወላችሁለት ሰው ሁሉ የልባችሁን ማኅደር የመክፈት ግዴታ የለባችሁም። ግን ሳሙኤል ጊደሯን በእርግጥ እየጎተተ ነበር የሄደው። መሥዋዕቱም ተሠዋ፤ እሴይና ልጆቹም ተጠሩ። የተናገረው ነገር በእጁ ነበረ። እኔ ካላንደር አልነበረኝም።

እግረ መንገዴን ለአለቆችም አንድ ቃል ልጣል፤ ይህን መጽሔት ከልጆቻቸው ክፍል አንሥተው የሚያነቡ እንዳሉ አውቃለሁ። «የሉም በያቸው» የሚባል ትእዛዝ በየቢሮው አለ። ሰውዬው ከግድግዳው ማዶ ሻይ እየጠጣ፣ ፀሐፊዋ «ስብሰባ ገብተዋል» ትላለች። ያ ውሸት የእርሱ ነው፤ አፉ ብቻ የእርሷ ነው። «አሁን ማነጋገር አይችሉም» የሚል እውነተኛ ዓረፍተ ነገር እያለ ለምን ሌላ ያስፈልጋል? ያቺ ሴት ጠዋት በአለቃዋ ታዝዛ ትዋሻለች፤ ከሰዓት እንደ እኔ ያለ ሰው ይዋሻታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገባችን ተቀምጣ ስለ እውነት ስንሰብክ ምን እንደምታስብ አላውቅም።

ወደ ሁለተኛው ጥሪዬ ልመለስ። «የካላንደሩ አይደሉም እንዴ?» ብላኝ «አይደለሁም» ካልኩ በኋላ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ በትንሣኤ ሰሞን ሳይሆን እንዲያው በተራ ንባብ፣ ዮሐንስ 18 ላይ ደረስኩ። ጴጥሮስ ከሊቀ ካህናቱ ግቢ ውጭ ቆሟል። በሊቀ ካህናቱ ዘንድ የሚታወቀው ሌላው ደቀ መዝሙር ወጥቶ በሩን የምትጠብቀውን ልጅ አነጋገራትና ጴጥሮስን አስገባው። ልጅቷም አንተም ከዚያ ሰው ደቀ መዛሙርት አንዱ አይደለህምን ብላ ጠየቀችው። እርሱም አይደለሁም አለ። ይህን ክፍል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስብከትም ሰምቼበታለሁ። የመጀመሪያዋ ክህደት የተነገረችው በር ላይ ለተቀመጠች ሴት መሆኑን ግን እስከዚያ ቀን ልብ ብዬ አላውቅም። ለሊቀ ካህናቱ አይደለም፤ ሰይፍ ለያዘ ወታደርም አይደለም። በልቡ «እርሷ ማን ናት?» ብሎ ይሆናል። ለእርሷ የሚነገር ቃል እንደ ቃል አልተቈጠረለት ይሆናል። እኔስ አልተቈጠረልኝም ነበር።

ዘመን አልፎ በሐዋርያት ሥራ 12 ያው ጴጥሮስ ሌላ በር ላይ ይቆማል። ሄሮድስ ካሰረው ወኅኒ ወጥቶ በሌሊት የማርቆስ እናት የማርያምን ደጅ ያንኳኳል። ልታዳምጥ የመጣችው ሮዴ የምትባል ገረድ ናት፤ በስሟ ተጽፋለች። በሩን ገና ሳትከፍት ድምፁን አወቀችው። ከደስታዋ ብዛት መክፈቱን ረስታ ወደ ውስጥ ሮጠች። ውስጥ ያሉት አብደሻል አሏት። ልክ የነበረችው ግን እርሷ ናት፤ የሰማችው ድምፅ በእርግጥ የጴጥሮስ ነበረና። ሁለት በር፣ ሁለት ሴት፣ አንድ ሰው። ዛሬም በልቤ የሚመላለሰው እኔን ያወቀችኝ እህት ድምፅ ነው፤ በደስታ ነበር ያወቀችኝ። ወደ ድርጅቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሼ ደውዬ ነበር፤ ሥራውን ለቅቄ፣ ይቅርታ ልጠይቃት። ሌላ ሴት አነሣችው። የቀድሞዋ የት ሄደች ብዬ ብጠይቅ «ማን ልበል?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

እና ምን ይደረግ? የዚያች እህት ጥያቄ የፍልስፍና አልነበረም። የሙከራ ጊዜዋ ላይ ናት፤ በሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ይሆናል፤ ከዚያ በፊት በትንሽ ምክንያት ሊያሰናብቷት ይችላሉ። የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ቤት ክፍያ የያዘችው እርሷ ናት። እውነት ተናግሬ ጌታ ሥራዬን ባረከልኝ የሚል ምስክርነት በየመድረኩ ሰምተናል፤ ደስ ይለኛል፤ አምነዋለሁም። እውነት ተናግረው ሥራቸውን ያጡ ወገኖችንም አውቃለሁ፤ እነርሱን መድረክ ላይ የሚጠራቸው የለም። ስለዚህ ለእርሷ ተስፋ የሰጠኋት ነገር የለም። ቁጥርሽ ይቀንሳል ነው ያልኳት። እኔ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ስሜንና የድርጅቴን ስም እየተናገርኩ ስደውል ቁጥሬ ቀንሷል፤ ኮሚሽኔም እንደዚሁ። የተረፉኝ ጥቂት ስሞች የመጡት ባብዛኛው እንደዚያ ሌላው ደቀ መዝሙር ዓይነት ሰው እየፈለግኩ ነው፤ ማለትም ውስጥ የሚታወቅ፣ ወጥቶ የሚያነጋግርልኝ። «ማን ሊሆን ይችላል?» ብሎ የቀድሞ የክፍል ጓደኛን፣ በጡረታ የወጣን መሐንዲስ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል። ማንም ግን ድምፄን አውቆ እንዳይጠራኝ አልሰጋም ነበር።

ከዚያች ዓርብ አንድ ወር ያህል ቆይቼ ይህን ሁሉ፣ ካላንደሩን ጨምሬ፣ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። በመጨረሻ ያለችኝ «እንግዲያው ያን ዕለት ለምን ጸልዪበት አልከኝ?» ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት።

በሳምንቱ ደወለችልኝ። ከወረቀቱ ጀርባ የራሷን ጽፋለች፤ አነበበችልኝ። ስሟ አለበት፣ የኤጀንሲው ስም አለበት፤ «የዲዛይን ክፍል ኃላፊውን ስለ አንድ የሥራ ዕድል ላነጋግራቸው ፈልጌ ነበር፤ የማይቻል ከሆነ መልእክት ትቀበዪልኛለሽ?» ይላል። ለተቆጣጣሪዋ አሳይታው ሳቀባት፤ እስከ ወር መጨረሻ ሞክሪውና እናያለን አላት። ያን ጠዋት ዘጠኝ ቦታ ደውላለች።

«ስምንቱ አይቻልም ብለው ዘጉብኝ፣» አለችኝ። «ዘጠነኛዋ ግን እስክርቢቶ እስካመጣ ጠብቂኝ አለችና ስምሽን ድገሚልኝ አለችኝ።»